የአቴናና የሮም መምህራን በዘመናችን ትምህርት ቤት



የዛሬው ንግግራችን የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ልጆቻቸውን ያስተምሩበት የነበረው ሥርዓት ለዘመናችን ትምህርት ቤት ምን እንዳወረሰው፥ ከርስቱም የቱ በመንገድ እንደ ቀረ የሚመረምር ነው። ነገሩ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ወሬ መስሎ ለሚታየው ሰው፥ ወደ አቴና ከመሻገራችን አስቀድሞ በአክሱም ዘመን በነበረን ባሕር ዳርቻ የተፈጸመ አንድ ታሪክ እናስታውሰው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ የሆነው ሩፊኖስ እንደ ተረከው፥ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት የዘመድ ልጆች እያስተማረ ይዞ ወደ ሩቅ አገር ተጉዞ ሲመለስ፥ መርከቡ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ከወደብ በቆመ ጊዜ የአገሩ ሰዎች መንገደኞቹን ፈጇቸው፤ ሁለቱ ብላቴኖች ግን ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ስለ ተገኙ፥ ልጅነታቸው አሳዝኗቸው ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ከሁለቱ አንዱ እኛ ከሣቴ ብርሃን ሰላማ እያልን የምንጠራው ፍሬምናጦስ ነው።

ንጉሡም የብላቴናውን አስተዋይነት አይቶ መዝገቡንና ደብዳቤውን አስረከበው፤ ንጉሡ ካረፈ በኋላም ንግሥቲቱ ሕፃን ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲረዳት ለመነችው። ሩፊኖስ ይህን ታሪክ ከሌላኛው ልጅ፥ ኋላ በጢሮስ ቄስ ከሆነው ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል። እንግዲህ በአክሱም ቤተ መንግሥት መዝገብ ያዥ ሆኖ የጀመረው፥ ኋላም የአገራችን የመጀመሪያ ጳጳስ የሆነው ሰው፥ በሮማ ግዛት እንደ ነበሩት እንደ ማናቸውም የጨዋ ልጆች በግሪኮች ሥርዓት የተቀረጸ ተማሪ ነበር ማለት ነው። ደግሞም የግሪክ ትምህርት በዚያ ምድር እንግዳ አልነበረም፤ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኤርትራን ባሕር ጉዞ የጻፈ አንድ የግብፅ ነጋዴ፥ በአዶሊስ አካባቢ ይገዛ የነበረውን ዞስካሌስን የግሪክን ጽሕፈት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው ሲል መስክሮለታል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ልጅ ቀኑን እንዴት ያሳልፍ ነበር? በሮማ ነገሥታት ዘመን ጽርእን፥ ማለት ግሪክኛን፥ ሮማይስጥንም፥ ማለት ላቲንን፥ ባንድነት ለሚማሩ ልጆች የተዘጋጀ የንባብ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ደርሶልናል፤ ባንዱ ዓምድ ጽርእ፥ በአንጻሩ ሮማይስጥ ተጽፎበታል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ልጁ ራሱ ውሎውን ይተርካል፤ ከመኝታው ይነሣል፥ ጫማውን ያስመጣል፥ ፊቱንና እጁን ይታጠባል፥ አባትና እናቱን ደኅና አደራችሁ ብሎ ከሞግዚቱ ጋር ይወጣል፤ ከትምህርት ቤት ደርሶም መምህሩን እጅ ይነሣል፥ ባግዳሚው ወንበር የተቀመጡትን ባልንጀሮቹን ጠጋ በሉልኝ ይላል፥ ይጽፋል፥ ያሳርማል፥ በቃሉ ያጠናውን ይመልሳል፤ ቀትር ሲሆን ተሰናብቶ ወደ ቤቱ ይሄድና ነጭ ዳቦ፥ ወይራ፥ አይብ፥ የደረቀ በለስና ለውዝ በልቶ፥ ቀዝቃዛ ውኃም ጠጥቶ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሞግዚት ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ሕገ ኦሪትን የመሰለበት ሞግዚት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባሪያ ነበርና፥ ልጁን እየጠበቀ ከመምህሩ ደጅ ያደርሰዋል እንጂ ራሱ አያስተምረውም።

በለንደንም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት፥ ከግብፅ የተገኘ፥ በሁለተኛው መቶ ዓመት ልጅ የጻፈበት፥ ሰም የተቀባ የእንጨት ሰሌዳ አለ። በራስጌው መምህሩ ባማረ ጽሕፈት ሁለት መስመር ምክር ጽፏል፤ ተማሪውም ከሥሩ በተሰመረለት መስመር ውስጥ ያንኑ ሁለት ጊዜ ገልብጦታል፤ ነገር ግን አንድ ፊደል ገድፏል፥ ጽሕፈቱም ወደ ኅዳጉ አምልጦታል። ከዚሁ ጋር ባለው በሌላው ሰሌዳ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ይገኛል። መጻፊያው ባንድ ወገን ሹል፥ በሌላው ወገን ጠፍጣፋ ስለ ነበረ፥ ልጁ በሹሉ ይጽፋል፥ የተሳሳተውንም ሰሙን በጠፍጣፋው አለስልሶ ያጠፋዋል። ከራስጌ የመምህሩን ናሙና አድርጎ ከግርጌ ባዶ መስመር የሚተውለትን የዛሬውን የእጅ ጽሕፈት ደብተር የያዘ የአንደኛ ክፍል ልጅ፥ ይህን ሰሌዳ ቢያሳዩት ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

በአቴና ትምህርት የመንግሥት ሥራ አልነበረም፤ አባት ከኪሱ እየከፈለ ልጁን ፊደልና ሆሜሮስን ወደሚያስተምረው፥ በገና ወደሚያስደረድረው፥ ትግልና ሩጫም ወደሚያለማምደው፥ ወደ ሦስት ልዩ ልዩ መምህራን ይልክ ነበር። የትምህርት ቤት ነገር ግን በታላላቆቹ ከተሞች ብቻ የተወሰነ እንዳልነበረ ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲዴስ በሚያሳዝን ምስክርነት ያስረዳናል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 ዓመት የትራቅያ ወታደሮች ሚካሌሶስ የተባለችውን አነስተኛ ከተማ በማለዳ ወርረው፥ በከተማዪቱ ካሉት ትምህርት ቤቶች በትልቁ ውስጥ ገና የገቡትን ሕፃናት አንድ ሳያስቀሩ እንደ ገደሏቸው ጽፏል። ከዚህ የምንረዳው እንዲህ ያለች ከተማ እንኳ ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት እንደ ነበራት ነው።

ቆየት ብሎ ደግሞ ባለጸጎችና ከተሞች ገንዘብ መመደብ ጀመሩ። በዛሬዪቱ ቱርክ ዳርቻ በምትገኘው በጤዎስ ከተማ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ሕግ እንደሚያስረዳው፥ ፖሊትሩስ የተባለ የአገሩ ሰው 34,000 ድራክማ ሰጥቶ፥ ከወለዱ ለመምህራን ደመወዝ እየተከፈለ የጨዋ ልጆች እንዲማሩ አድርጓል፤ ሕጉም ሴቶች ልጆችን ጨምሯል። የፊደልና የንባብ መምህራን ሦስት ናቸው፤ የመጀመሪያው በዓመት 600፥ ሁለተኛው 550፥ ሦስተኛው 500 ድራክማ ያገኛሉ፤ የበገናው መምህር ደግሞ ከሁሉ በልጦ 700 ይከፈለዋል። መምህራን በደረጃ፥ ደመወዝም በደረጃ መሆኑ፥ ሹመቱም በየዓመቱ በከተማው ሸንጎ ምርጫ መሰጠቱ፥ የዛሬ የትምህርት መሥሪያ ቤት መዝገብ ይመስላል። የዜማ መምህር ደመወዝ ከንባብ መምህር ይብለጥ የሚል የዛሬ መሥሪያ ቤት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለዓለም የተረፈው ክርክር በአቴና በሁለት መምህራን መካከል የተነሣው ነው። ኢሶቅራጥስና አፍላጦን በጥቂት ዓመታት ልዩነት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አፍላጦን አካዳሚያ በተባለው ሥፍራ ማስተማር የጀመረው ከልደት በፊት በ387 ዓመት ገደማ ነው። አፍላጦን ለመንግሥት መሪ የሚሆነው ሰው በመጀመሪያ ቁጥርን፥ ጂኦሜትሪን፥ የከዋክብትን ትምህርትና የዜማን ሕግ አሥር ዓመት ሙሉ ሲማር ኖሮ፥ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት በክርክር ጥበብ ይፈተን፥ ዓላማውም የማይለወጠውን እውነት ማየት ይሁን ይላል። ኢሶቅራጥስ ግን ነገ የሚሆነውን ነገር በእርግጥ ማወቅ ለሰው ልጅ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ጠቢብ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የተሻለውን መንገድ በአስተያየቱ የሚያገኝ፥ ያገኘውንም ለወገኖቹ በተስተካከለ አንደበት ማስረዳት የሚችል ሰው ነው ሲል መለሰ፤ ልጆችንም ሦስትና አራት ዓመት እያስቀመጠ ንግግር ያስጽፋቸውና ያሳርማቸው ነበር። የዛሬ ሰው ልጁን ወደ ሒሳብና ሳይንስ ልላከው ወይስ ወደ ሕግና ቋንቋ እያለ ሲያመነታ፥ ሳያውቀው በእነዚህ በሁለቱ ክርክር መካከል ቆሟል። በስም ያሸነፈው አፍላጦን ነው፤ በሥራ ግን የሮማን ትምህርት ቤት የወረሰው ኢሶቅራጥስ መሆኑን የትምህርት ታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ፥ እኔም አምንበታለሁ።

ሮማውያን ከግሪክ የተቀበሉትን በሥርዓት አደላድለው ደረጃ አበጁለት፤ ልጁ በመጀመሪያ ከፊደል መምህር፥ ቀጥሎ ከሰዋስው መምህር፥ በመጨረሻም ከንግግር መምህር ዘንድ ያልፋል። ቄሳር ቬስፓስያኖስ ለሮማይስጥና ለጽርእ የንግግር መምህራን ከመንግሥት ግምጃ ቤት በዓመት 100,000 ሴስተርስ እንዲከፈላቸው አዘዘ፤ ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱ በእስፓንያ የተወለደው ኩዊንቲልያኖስ ነበር። ይህ ሰው ብዙ ዓመት ካስተማረ በኋላ፥ በመጀመሪያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ስለ ተናጋሪ ሰው አስተዳደግ በ12 ክፍል አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በየገጹ የራሱን ትምህርት ቤት ያገኛል። ሕፃኑ ፊደልን ከዝሆን ጥርስ በተቀረጹ መጫወቻዎች ይለማመድ ይላል፤ በሰሌዳ ላይ በተቦረቦረ ፊደል ውስጥ መጻፊያውን እየነዳ እጁን ያሠልጥን ይላል፤ ጨዋታና ዕረፍት ለልጅ አእምሮ እንደሚያስፈልግ፥ ልጅም በቤት ለብቻው ከሚማር ከባልንጀሮቹ ጋር ቢማር እንደሚሻል ይከራከራል። መምህሩ ትምህርቱን በልጁ መጠን እንዲያደርግለት ሲመክርም፥ አንገተ ጠባብ ዕቃ ውኃ በብዛት ሲደፉበት ወደ ውጭ ያፈሰዋል፥ ቀስ እያሉ ሲያንቆረቁሩበት ግን ይሞላል ብሎ ያስረዳል። ዱላንም አጥብቆ ይቃወማል፤ መገረፍ የባሪያ ነገር ነው፥ የተመታ ልጅም ወይ ይደነዝዛል ወይ ያፍራል ይላል። ይህን በጻፈበት ዘመን ልጅ መግረፍ በሮም የታወቀ ልማድ ነበርና፥ ቃሉ እስኪሰማለት ድረስ እጅግ ብዙ ዘመን ማለፉ አያስደንቅም።

ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለእኛ አገር ወላጅ በጣም የሚቀርበው ስለ ማዕረግ የተጻፈው ነው። ኩዊንቲልያኖስ በልጅነቱ በተማረበት ቤት መምህራኑ ልጆቹን በችሎታቸው ቅደም ተከተል ከፍለው ያናግሯቸው ነበር፤ የበለጠው ቀድሞ ይናገራል፥ ማዕረጉም ለዘለዓለም አይደለም፤ በየ30 ቀኑ እንደ ገና ይፈተናሉ፥ የተሸነፈው ልጅም ያን ቀን እየጠበቀ ያጠናል፥ አንደኛ መሆንም ከሁሉ የላቀ ክብር ነበር። እኛም ዘንድ ልጅ ካርዱን ይዞ ከቤት ሲገባ አባት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ ስንት አመጣህ ሳይሆን ስንተኛ ወጣህ የሚለውን ነው።

ሰዋስውንም እንመልከት። የጽርእ ሊቃውንት ንግግርን በስምንት ክፍል ከፍለውት ነበር፤ ሮማውያን ሲቀበሉት ቋንቋቸው በጽርእ ካሉት ከስምንቱ አንዱ፥ ከስም ፊት የሚቆመው መስተአምር፥ የሌለው ሆኖ ተገኘ፤ ቁጥሩን ማጉደል ግን አልወደዱምና በጎደለው ፋንታ የአድናቆትና የሐዘን ድምፅን ለብቻው አውጥተው ስምንተኛ አደረጉት። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ስምንቱን የንግግር ክፍሎች ከስም ጀምሮ በቃሉ የወጣ ሁሉ፥ በመጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ ብሎ የዘጋው በዚህ በሮማውያን ብልሃት ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት ወደ እኛ ደረሰ? የሮማ መንግሥት በምዕራብ ከወደቀ በኋላ መነኮሳት ሰዋስውን፥ የንግግር ጥበብን፥ አመክንዮን፥ ከእነርሱም ጋር አራቱን የቁጥር ጥበባት፥ ሰባት አድርገው በገዳሞቻቸው ጠበቋቸው። የኩዊንቲልያኖስ ሙሉ መጽሐፍ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ከሊቃውንት እጅ ርቆ ከቆየ በኋላ፥ በ1416 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር በቅዱስ ጋል ገዳም ፖጆ ብራቾሊኒ የተባለ ጣልያናዊ ጸሐፊ አግኝቶ ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ መምህራን ሁሉ ያነቡት ጀመር፤ ኢየሱሳውያን የሚባሉት መነኮሳትም በ1599 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶቻቸው ሁሉ ባወጡት ሥርዓት፥ ክፍል ከክፍል በፈተና የሚታለፍበትን ደረጃ፥ የሮማዊውን ተናጋሪ የሲሴሮን ንባብ፥ የተማሪ ከተማሪ ፉክክርንም በሕግ አጸኑት። በክፍላቸው ውስጥ ልጆቹን ከሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ሮም፥ ሌላውን ካርታጎ እያሉ በጥያቄ ያዋጓቸው ነበር።

እነዚህ ኢየሱሳውያን በአገራችን ታሪክ ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሁከት ጋር ስማቸው በክፉ የሚነሣ ነው። ሆኖም ከጣልያን ጦርነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የካናዳ ኢየሱሳውያንን ለማስተማር ብቻ ጠርተው፥ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሰጧቸው፤ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በመጀመሪያ የመሩት ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። ሌላውም መንገድ የፈረንሳይ ነው፤ ናፖሊዮን በ1802 እ.ኤ.አ. ያቋቋማቸው ሊሴዎች ስማቸውን የወሰዱት አሪስጣጣሊስ ከአቴና ቅጥር ውጭ ያስተምርበት ከነበረው ሥፍራ ሲሆን፥ በአዲስ አበባ የገብረ ማርያም ሊሴ የዚያ ዘር ነው። ቀደም ሲል በቤተ ክህነት ትምህርታችንም ግሪኮች አልታጡም ነበር፤ አባ ሚካኤል ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሰው በአንጋረ ፈላስፋ ውስጥ ሶቅራጥስና አፍላጦን ይናገራሉ። ይሁንና እዚያ የምናገኘው ሶቅራጥስ ምክር የሚሰጥ አባት እንጂ፥ የአቴናን ጎልማሶች በጥያቄ መውጫ የሚያሳጣቸው ሶቅራጥስ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዛሬው ትምህርት ቤት ከፊደል መምህርና ከሰዋስው መምህር ያልወረሰው ነገር ጥቂት ነው፤ አግዳሚውን፥ ደብተሩን፥ ማዕረጉን፥ ከመንግሥት የሚከፈለውን ደመወዝ፥ ስምንቱን የንግግር ክፍሎች ሁሉ ወስዷል። ይህ ሁሉ ግን በጥንቶቹ ዘንድ ደጅ ነበር እንጂ ቤቱ አልነበረም። ልጁ ያን ሁሉ የሚማረው በመጨረሻ ከንግግር መምህር ፊት ቆሞ፥ በሸንጎና በፍርድ አደባባይ ለወገኑ እንዲናገር ነው፤ እኛ ይህን ሦስተኛውን መምህር በመንገድ ጣልነው። ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ስንት ሺህ ጥያቄ በጽሑፍ ይመልሳል፤ አንድን ሐሳብ ይዞ ቆሞ ተናግሮ፥ የተቃራኒውንም ሐሳብ ሰምቶ መልስ የሰጠበት ቀን ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የቅኔ ተማሪ እንኳ በዚህ ይበልጠዋል፤ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ ይቀኛል፥ እዚያው ሲነቀፍ እዚያው ያርማል።

ለዚህ መጣል ምክንያት የሆኑት ሮማውያን ራሳቸው ናቸው ቢባል ሐሰት አይደለም። ነጻው ሸንጎ በቄሳሮች ዘመን ሥልጣኑን ባጣ ጊዜ፥ የንግግር መምህራን ደቀ መዛሙርቶቻቸውን ስለ ባሕር ወንበዴዎች፥ ስለ ጨካኝ ገዢዎች፥ ማንም ፈጽሞ ስለማይገጥመው ነገር ያስደሰኩሯቸው ጀመር፤ ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታኪቶስም ስለ ተናጋሪዎች በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ልማድ ይነቅፋል። የሚናገርበት ሥፍራ ላልተሰጠው ሰው መናገርን ማስተማር ወደ ጨዋታ መለወጡ አይቀርም። ደግሞም ያ ትምህርት በባሪያዎች ድካም ላይ የተቀመጠ፥ ሴቶችን በብዙ ከተሞች ከደጅ ያስቀረ፥ ለጥቂቶች ብቻ የሆነ ነበር፤ ሁሉንም ልጅ ማስተማር ይገባል የሚለው ሐሳብ የእነርሱ አይደለምና፥ ለዚህ እነርሱን ማመስገን አይገባንም።

ለመምህራን አድማጮቻችን ግን አንድ ነገር ከእነርሱ ልዋስ። በአራተኛው መቶ ዓመት የአንጾኪያ መምህር አፍቶኒዮስ ለጀማሪዎች 14 ልምምዶችን አዘጋጅቷል፤ የመጀመሪያው ተረት ማውራት ነው፥ ወደ በኋላ ደግሞ የተነገረውን ታሪክ ማፍረስና መደገፍ ይመጣል። የአማርኛ መምህር ይህን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ተማሪ የአንበሳና የጦጣ ተረት ካሉት አንዱን ቆሞ ያውራ፤ ሁለተኛው ያንኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያውራው፤ ሦስተኛው ይህ ነገር ሊሆን አይችልም ብሎ ምክንያት እየቈጠረ ያፍርሰው፤ አራተኛው ለተረቱ ይሟገት፤ አምስተኛው አንበሳው ራሱ ቢናገር ምን ይል እንደ ነበር ያሰማ። መምህሩ በመካከል አይግባ፤ ስሕተቱን በወረቀት ይያዝና ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ይንገራቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አፍራሹ ደጋፊ፥ ደጋፊውም አፍራሽ ይሁኑ፤ ለአምስቱ ልጆች አርባ ደቂቃ ይበቃል።